የፈርኖች መዋቅርና መራባት፦ ለደንዲ ደኖች ጥናት ያለው ትርጉም

መግቢያ

የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ግንጪ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከመዲናዋ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ወረዳው የአዋሽ ወንዝ መነሻ አካባቢ ሲሆን፣ በከፊልም ወደ ዐባይ ተፋሰስ የሚወርዱ ጅረቶች የሚነሡበት ነው። በደቡብ የደንዲ ተራራ ከነሐይቁ ይታያል፤ ከግንጪ በስተሰሜን ደግሞ የጭሊሞ ደን ይገኛል። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት የሚበቅሉበት ይህ ደን በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ ከቀሩት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በፋርም አፍሪካ ድጋፍ አሳታፊ የደን አስተዳደር የተጀመረበት በመሆኑም በአገሪቱ የደን ጥበቃ ታሪክ ውስጥ የራሱ ስፍራ አለው።

ስለ እንዲህ ያለ ደን በሚጻፉ ጽሑፎች ቀድመው የሚነሡት ዛፎች ናቸው። በዛፎቹ ጥላ ሥር፣ በገደል ስንጥቅ፣ በጅረት ዳርና በሻገተ ግንድ ላይ የሚበቅሉት ፈርኖች ግን፣ ቢጠቀሱም በዝርዝር መጨረሻ ላይ ነው። አበባም ፍሬም ዘርም የላቸውም፤ ሆኖም የደን ውስጠኛ ክፍል እርጥበቱን እንደ ጠበቀ ወይም እንዳጣ ለመለየት ከሚረዱ ዕፅዋት መካከል ናቸው። ይህን የሚያደርጋቸው የአረባባቸው መንገድ ነው። የፈርን ሕይወት በሁለት የተለያዩ፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው በሚኖሩ አካላት ላይ የተከፈለ ነው፤ አንደኛው በዓይን ይታያል፣ ሁለተኛው ግን ካልፈለጉት አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን አካላት መዋቅርና ግንኙነት ማብራራትና ከዚህ የሚከተለውን አንድ ነጥብ ማሳየት ነው፦ በአንድ ደን ውስጥ የቆሙ ፈርኖች ብዛት ብቻውን ፈርኖቹ በመታደስ ላይ ስለ መሆናቸው ማስረጃ አይሆንም።

የሚታየው አካል፦ ስፖሮፋይት

በተለምዶ ፈርን ተብሎ የሚጠራው ባለ ቅጠሉ አካል ስፖሮፋይት ይባላል፤ ትርጉሙ ስፖር አፍሪ ዕፅ ማለት ነው። ሥር፣ ግንድና ቅጠል አለው። ውኃ የሚያወጣው ዛይለምና ምግብ የሚያከፋፍለው ፍሎየም በግንዱና በቅጠሎቹ ውስጥ ተዘርግተዋል። በዚህ ረገድ ፈርኖች ከአበባ አፍሪ ዕፅዋት ጋር ይመሳሰላሉ፤ ማስተላለፊያ ሥርዓት ከሌላቸው ሽበቶች ግን ይለያሉ። በዓለም ላይ ከ10,500 የማያንሱ የፈርን ዝርያዎች እንዳሉ ይገመታል፤ በዝርያ ብዛትም ከአበባ አፍሪዎች ቀጥለው ከፍተኛውን ስፍራ ከያዙት የባለ ማስተላለፊያ ዕፅዋት ቡድኖች ውስጥ ናቸው።

የአብዛኞቹ ፈርኖች ግንድ ወደ ላይ አይቆምም። ራይዞም የሚባለው ይህ ግንድ በአፈር ውስጥ ወይም በአፈሩ ገጽ ላይ አግድሞ ይሄዳል፤ ከሥሩ ቀጫጭን ሥሮችን፣ ከላዩ ቅጠሎችን ያወጣል። በምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥብ ደኖች የሚገኘው የዛፍ ፈርን ከዚህ የተለየ ነው፤ ግንዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይሁን እንጂ እሱም ቢሆን እንደ ዝግባ ወይም እንደ ጥድ በየዓመቱ የሚወፍር እንጨት የለውም፤ ጥንካሬውን በአብዛኛው የሚያገኘው ግንዱን እንደ ካባ ከሚሸፍኑት ጥቅጥቅ ያሉ ሥሮች ነው።

የፈርን ቅጠል ከመዘርጋቱ በፊት ከጫፉ ወደ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተጠቅልሎ ይወጣል። ይህ አወጣጥ ለስላሳውን የማደጊያ ጫፍ ከመድረቅና ከመጎዳት ይጠብቀዋል። ከተዘረጋ በኋላ የቅጠሉ ቅርፅ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። የፕሊዮፔልቲስ ቅጠል ያልተከፋፈለና ጠባብ ነው፤ የአስፕሌኒየም ኤትዮፒኩም ቅጠል ደግሞ በመካከለኛው ዘንግ ግራና ቀኝ ወደ ትናንሽ ክፍሎች የተሸነሸነ ነው። በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚኖረው ድሪናሪያ ሁለት ዓይነት ቅጠል ያወጣል፦ አንደኛው አረንጓዴና ረዥም ሆኖ ምግብ ይሠራል፣ ስፖርም ያፈራል፤ ሁለተኛው አጭርና ቡናማ ሆኖ ከግንዱ ጋር ተለጥፎ የረገፈ ቅጠልና አቧራ ያከማቻል። ዕፁ ከአፈር ርቆ ሳለ አፈር የሚያገኘው በዚህ ዘዴ ነው።

ሁሉም ፈርኖች ጥላ ፈላጊ ናቸው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋ ድንጋያማ ስፍራዎች የሚበቅለው ኬይላንተስ ፋሪኖሳ የቅጠሉ ጀርባ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በበጋ ቅጠሉን ወደ ውስጥ ጠቅልሎ ነጩን ገጽ ወደ ውጭ ያዞራል፤ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ይዘረጋል። በዛፍ ላይ የሚኖሩት የፕሊዮፔልቲስ ዝርያዎችም እንዲሁ ደርቀው ከቆዩ በኋላ ውኃ ሲያገኙ ያንሰራራሉ። ስለዚህ ስፖሮፋይቱ ብዙ ችግር የሚችል አካል ነው። የሕይወት ዑደቱ ደካማ ጎን ያለው ሌላ ስፍራ ነው።

ስፖሩና አወጣጡ

የበሰለ የፈርን ቅጠል ተገልብጦ ሲታይ ከጀርባው ቡናማ ነጠብጣቦች ወይም መስመሮች ይታያሉ። ለጀማሪ ተመልካች በሽታ ወይም የነፍሳት ዕንቁላል ሊመስሉት ይችላሉ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ሶረስ ይባላል፤ እርሱም ስፖራንጂየም የተባሉ የስፖር ከረጢቶች ክምችት ነው። የሶረሱ አቀማመጥ ዝርያን ለመለየት ከሚያገለግሉ ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። በአስፕሌኒየም ላይ በቅጠሉ ሥር ጎን የተዘረጋ መስመር ይሆናል፤ በፕተሪስ የቅጠሉን ጠርዝ ተከትሎ ይሄድና የታጠፈው ጠርዝ ይሸፍነዋል፤ በፕሊዮፔልቲስ ክብ ወይም ሞላላ ነው።

በአብዛኞቹ ፈርኖች በአንድ ስፖራንጂየም ውስጥ 16 እናት ሕዋሳት ይፈጠራሉ። እያንዳንዳቸው በሜዮሲስ ተከፍለው አራት አራት ስፖሮች ስለሚሰጡ ጠቅላላው 64 ይሆናል። በዚህ ክፍፍል የክሮሞዞሞቹ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። ለምሳሌ ፕቴሪዲየም አኩዊሊኑም የተባለው ፈርን በባለ ቅጠሉ አካል ሕዋሳት ውስጥ 104 ክሮሞዞሞች ሲኖሩት፣ በስፖሩ ውስጥ የሚገኙት 52 ናቸው።

ስፖሮቹ የሚወረወሩበት መንገድ የዕፅዋት ፊዚክስ ተመራማሪዎችን ለረዥም ጊዜ ስቧል። በስፖራንጂየሙ ዙሪያ አኑለስ የሚባል፣ ውስጠኛና የጎን ግድግዳቸው የወፈረ፣ ውጫዊ ግድግዳቸው ግን የሳሳ ሕዋሳት ሰልፍ አለ። አየሩ ሲደርቅ ከሕዋሳቱ ውኃ ይተንናል፤ የቀረው ውኃ የሳሳውን ግድግዳ ወደ ውስጥ ይስባል። ሰልፉ በዚህ ስበት ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይለመጥና ከረጢቱን ይከፍተዋል። ስበቱ ከመጠን ሲያልፍ በሕዋሳቱ ውስጥ ድንገት የአየር አረፋ ይፈጠራል፤ የተወጠረው ሰልፍም ወደ ቦታው ተስፈንጥሮ ሲመለስ ስፖሮቹን ይበትናል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ይህ ሰልፍ በመጀመሪያ በቅጽበት ተስፈንጥሮ ከዚያ ራሱን በራሱ እንደሚያዘገይና ስፖሮቹ ወደ ፊት የሚወረወሩት በዚህ ምክንያት እንደሆነ አሳይቷል። ሰው በሠራው ወንጭፍ ማስቆሚያ ዘንግ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው በሕዋሳቱ ግድግዳ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ውኃ ነው።

ከዚህ አሠራር አንድ ሥነ ምኅዳራዊ ነጥብ ይገኛል። ስፖር ለመውጣት ደረቅ አየር ይፈልጋል፤ ለመብቀል ግን እርጥበት ይፈልጋል። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘንብበት አካባቢ እነዚህ ሁለት ሁኔታዎች በተለያዩ ወራት የሚመጡ ስለሆኑ፣ ስፖሩ በመካከሉ ያለውን ጊዜ በሕይወት ማለፍ ይኖርበታል። አረንጓዴ ያልሆኑ የፈርን ስፖሮች በአማካይ ለሦስት ዓመት ያህል የመብቀል ዐቅማቸውን ይዘው ሊቆዩ እንደሚችሉ፣ አረንጓዴዎቹ ግን በአማካይ ከሁለት ወር በታች እንደሚቆዩ ታውቋል። አብዛኞቹ ስፖሮች ካለ ብርሃን ስለማይበቅሉ፣ በአፈር የተቀበሩት እዚያው ተከማችተው ይቆያሉ፤ አፈሩ ሲገለበጥና ብርሃን ሲያገኙ ይነቃሉ። በእግር መንገድ ዳር በተናደ አፈር ወይም ወድቆ በተነቀለ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ወጣት ፈርኖች የሚገኙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የማይታየው አካል፦ ጋሜቶፋይት

ስፖር ሲበቅል በቀጥታ ፈርን አይሆንም። ይህ እውነት እስኪታወቅ ረዥም ጊዜ ወስዷል። ጆን ሊንድሴይ በጃማይካ ፈርንን ከስፖር ማብቀሉን የገለጸበት ጽሑፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1794 ነበር። ኔጌሊ በ1844 የወንዴ አካላቱን፣ ሌሽቺች ሱሚንስኪ ደግሞ በ1848 የጽንሰቱን ሂደት አሳዩ። ዊልሄልም ሆፍማይስተር በ1851 ባሳተመው ሥራ፣ ሁለት ትውልዶች እየተፈራረቁ የሚመጡበት ዑደት የሽበቶች፣ የፈርኖችና የባለ ዘር ዕፅዋት የጋራ ሕግ መሆኑን አስረዳ።

ከስፖሩ የሚወጣው ጋሜቶፋይት ነው፤ በተለይ ፕሮታለስ ተብሎ ይጠራል። በብዙ ዝርያዎች የልብ ቅርፅ ያለው አረንጓዴ ልጣጭ ሲሆን፣ ስፋቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከመካከሉ በስተቀር ውፍረቱ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። ሥር የለውም፤ አፈሩን የሚይዘው ራይዞይድ በተባሉ ፀጉር መሰል ክሮች ነው። ዛይለምም ፍሎየምም፣ ውኃ እንዳይተን የሚከላከል ወፍራም ሽፋንም የለውም። ሆኖም ራሱን ችሎ ብርሃን ይሰበስባል፣ ምግቡንም ይሠራል። አበባ አፍሪ ዕፅዋት ተመጣጣኙን ትውልድ በአበባቸው ውስጥ ሸሽገው ሲመግቡት፣ ፈርን ግን ውጭ፣ አፈር ላይ ይተወዋል።

የፆታ አካላቱ የሚገኙት በዚህ ልጣጭ የታችኛው ገጽ ላይ ነው። የወንዴ ሕዋስ አፍሪው አንተሪዲየም አብዛኛውን ጊዜ በራይዞይዶቹ መካከል፣ የሴቴ ሕዋስ ያዡ አርኪጎኒየም ደግሞ በልቡ ስርጉድ አጠገብ ይበቅላል። አርኪጎኒየሙ ሲበስል የአንገቱ ቦይ ይከፈታል። እንደ ጥምዝ የተጠቀለሉትና ብዙ ፍላጀላ ያሏቸው የወንዴ ሕዋሳት በቀጭን የውኃ ሽፋን ውስጥ ዋኝተው ወደዚያ ይገባሉ። ዊልሄልም ፔፈር እ.ኤ.አ. በ1884 የማሊክ አሲድ ጨው የፈርን የወንዴ ሕዋሳትን እንደሚስብ አሳይቷል። ውኃ ከሌለ ግን መሳቡ ዋጋ የለውም። የአንድ ፈርን ትውልድ መቀጠል የሚወሰነው በዚህ በጥቂት ሚሊ ሜትር ዋና ላይ ነው።

ጋሜቶፋይቶች እርስ በርሳቸው መልእክት ይለዋወጣሉ። ዋልተር ዶፕ እ.ኤ.አ. በ1950 በፕቴሪዲየም ላይ እንዳረጋገጠው፣ ቀድሞ ያደገው ፕሮታለስ ወደ አካባቢው የሚለቀው ኬሚካል ዘግይተው የበቀሉትን ወደ ወንዴነት ይመራቸዋል። አንተሪዲዮጅን የተባለው ይህ ንጥረ ነገር ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንድ ፕሮታለስ ከአንዲት ስፖር ስለሚበቅል ሕዋሳቱ ሁሉ በዘር አንድ ናቸው። ከራሱ ጋር ከተዳቀለ የሚወለደው ስፖሮፋይት በእያንዳንዱ ጂን ሁለት ተመሳሳይ ቅጂዎች ይይዛል፤ ተሸሽጎ የነበረ ጎጂ ለውጥ ሁሉ በአንድ ትውልድ ይገለጣል። ዙሪያውን ወንዴዎች ካሉ ግን ከሌላ ጋር የመዳቀል ዕድሉ ይጨምራል። በሌላ በኩል ከራስ ጋር መዳቀል መቻሉ በነፋስ ርቃ የሄደች አንዲት ስፖር አዲስ ስፍራ ላይ መሠረት እንድትጥል ያስችላል። ስለዚህ የፕሮታለሶች ጥግግት የሚወስነው የዘር ብዝኃነትን ጭምር ነው።

ከጽንሰት በኋላ የሚፈጠረው ዛይጎት በፕሮታለሱ ላይ ተጣብቆ ያድጋል። መጀመሪያ ከእርሱ ይመገባል፤ የራሱን ሥርና የመጀመሪያ ቅጠል ሲያወጣ ራሱን ይችላል፤ ፕሮታለሱም ይሞታል። በዚህም ዑደቱ ወደ ስፖሮፋይት ይመለሳል።

ውኃን የሚዘሉ መንገዶች

ሁሉም ፈርኖች በዚህ ጠባብ በር አያልፉም። በደጋ ደኖች የሚገኙ ቢያንስ ሦስት አማራጭ መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው በራይዞም መስፋፋት ነው። ፕቴሪዲየም አኩዊሊኑም ራይዞሙ ጥልቅ ስለሆነ ከላይ ቢታጨድ ወይም ቢቃጠል ከሥር ያቆጠቁጣል። በተመነጠረ መሬትና በደን ዳር በፍጥነት የሚስፋፋው ስለዚህ ነው። ከብቶች ሲግጡት በውስጡ ያለው ፕታኩይሎሳይድ የፊኛ ዕጢ ያመጣል፤ በፈረሶች ላይ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርሰው ኢንዛይሙ ጉዳት ያደርሳል። ደን ሲሳሳ የሚበዛ ፈርን መኖሩ የፈርን መብዛት ሁልጊዜ የደን ጤንነት ምልክት አለመሆኑን ያስረዳል።

ሁለተኛው ጽንሰትን መዝለል ነው፤ አፖጋሚ ይባላል። ፋርሎው እ.ኤ.አ. በ1874 በፕተሪስ ክሬቲካ ላይ ባስተዋለው በዚህ መንገድ፣ አዲሱ ስፖሮፋይት የወንዴና የሴቴ ሕዋሳት ሳይገናኙ ከፕሮታለሱ ሕዋሳት በቀጥታ ይወጣል። ስፖሮቹም የክሮሞዞም ቁጥራቸው ያልተቀነሰ ነው። በደጋ ደኖቻችን የሚገኘው አስፕሌኒየም ሞናንቴስም የዚህ ወገን ነው። ምልክቱ በማይክሮስኮፕ በቀላሉ ይለያል፦ በስፖራንጂየሙ ውስጥ በ64 ፈንታ 32 ተለቅ ያሉ ስፖሮች ይገኛሉ። ይህ መንገድ ውኃ አያሻውም፤ ዋጋው ግን በየትውልዱ ከሚገኘው አዲስ የዘር ቅይጥ መቅረት ነው።

ሦስተኛው የሁለቱን አካላት ድርሻ መገልበጥ ነው። አኖግራማ ሌፕቶፊላ የተባለው ትንሽ ፈርን ባለ ቅጠሉ አካሉ ከአንድ ወቅት አያልፍም። ደረቁን ጊዜ የሚያሳልፈው ጋሜቶፋይቱ ነው፤ በአፈር ውስጥ ትንሽ ዕባጭ ሠርቶ ዝናቡን ይጠብቃል። በበጋ የመጣ ተመራማሪ ይህ ዝርያ በስፍራው የለም ብሎ ሊመዘግብ ይችላል፤ ዕፁ ግን ከእግሩ ሥር ነው።

ለደንዲ ደኖች ጥናት የሚሰጠው ትርጉም

ከላይ የተዘረዘሩት እውነታዎች አንድ ላይ ሲነበቡ የዘዴ ጥያቄ ያስነሣሉ። በእርሻና በግጦሽ መሬት በተከበበ ደን ውስጥ ለማገዶና ለግንባታ ዛፍ ሲቆረጥ የላይኛው ጥላ ይሳሳል፤ ፀሐይና ነፋስ እስከ አፈሩ ይደርሳሉ። ራይዞም ያለው የጎለመሰ ፈርን ይህን ለውጥ ለዓመታት ሊቋቋም ይችላል። አንድ ሕዋስ ውፍረት ያለው ፕሮታለስ ግን በአንድ ደረቅ ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ስፍራ ያሉት ፈርኖች ቁጥራቸው ሳይቀንስ መታደሳቸው ሊቆም ይችላል። ቆጠራው ችግሩን የሚያሳየው የቀሩት አርጅተው ሲሞቱ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በአፈር ውስጥ የነበረው የስፖር ክምችትም ዕድሜው አልፎበት ይሆናል።

የደን ቆጠራ ቅጾች ብዙውን ጊዜ ለዛፎች የተበጁ ናቸው፤ የጎለመሰ ዛፍ፣ ወጣት ዛፍና ችግኝ ለየብቻ ይቆጠራሉ። ለፈርንም ተመሳሳይ ክፍፍል ማበጀት ይቻላል። ስፖር የያዙ የጎለመሱ ፈርኖች፣ ስፖር ያልያዙ ወጣቶች፣ ገና ከፕሮታለሱ ያልተላቀቁ ጨቅላዎችና ፕሮታለሶች በአራት ዓምድ ሊመዘገቡ ይችላሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሚፈለጉት በጥላ ሥር ባለ የተራቆተ እርጥብ አፈር፣ በጅረት ዳር ግድግዳና በሽበት መካከል ነው፤ አመቺው ጊዜም ከክረምቱ አጋማሽ እስከ ማብቂያው ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበል ከፈርኖች ጀምሮ ያሉትን ቤተሰቦች የያዘው 1ኛ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2009 በመታተሙ ስፖሮፋይትን ለመለየት መነሻ አለ። ፕሮታለሶች ግን በቅርፅ ስለሚመሳሰሉ፣ ለመለየት የዲኤንኤ ምርመራ ወይም ስፖርን በላቦራቶሪ አብቅሎ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የበሰለ ቅጠል በወረቀት መካከል ሲያድር የሚረግፉት ስፖሮች፣ በሙቀት በጸዳና በተሸፈነ እርጥብ አፈር ላይ ብርሃን ባለበት ሲቀመጡ ይበቅላሉ።

እንዲህ ያለ ጥናት ከደኑ ዳር ወደ መሐል በሚዘረጉ ናሙና ስፍራዎች ቢካሄድ ሊፈተን የሚችል መላምት ይዞ ይነሣል። ወደ ዳር ሲቀርብ በራይዞምና በአፖጋሚ የሚራቡት ዝርያዎች ድርሻ ይጨምራል፤ ጽንሰት የሚያስፈልጋቸው ዝርያዎች ፕሮታለስና ጨቅላ ደግሞ፣ ጎልማሶቹ ገና ሳሉ እንኳ፣ ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል። ውጤቱ ይህን ከደገፈ፣ የደኑ ውስጥ እርጥበት መጉደሉን ዛፎቹ ከማሳየታቸው ቀድሞ ፈርኖቹ ይናገራሉ ማለት ነው። ካልደገፈም፣ ደኑ ከሚታሰበው በላይ ለመታደስ የሚበቃ ጥላና እርጥበት እንዳለው ይታወቃል። ሁለቱም ውጤቶች ደኑን በጋራ ለሚያስተዳድሩት ነዋሪዎች የሚጠቅሙ ናቸው።

ማጠቃለያ

ፈርን ባለ ቅጠሉ አካሉ ጠንካራ፣ ልጣጭ በሚመስለው አካሉ ደካማ የሆነ ዕፅ ነው። የመጀመሪያው ድርቅን፣ ቁርጥንና የድንጋይ ስንጥቅን ይችላል፤ ሁለተኛው ጥላ፣ የተጋለጠ እርጥብ አፈርና ለጥቂት ጊዜ የሚቆይ የውኃ ሽፋን ያሻዋል። ዝርያው የሚቀጥለው በሁለቱ ሲሆን፣ ጥናቱ ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው ያተኮረው በአንዱ ላይ ነው። በጭሊሞም ሆነ በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ደኖች የፈርኖችን ሁኔታ የሚመረምር ተመራማሪ ቅጠሉን ከቆጠረ በኋላ ጎንበስ ብሎ አፈሩን ቢያይ፣ ስለ ደኑ ነገ የሚጠይቀውን ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚያ ነው።